በአነስተኛ የሊኑክስ መሣሪያዎች ላይ የገመድ አልባ ግንኙነት አያያዝና ቃላቱ

አንድ ሙያ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ሥር ሰደደ ለማለት የሚቻለው፣ የሙያው ዕቃዎች በገበያ ላይ በመታየታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው በተበላሸ ጊዜ ብልሽቱን ከነቦታው ለይቶ የሚናገር ቃል ሲገኝ ነው። ገበሬው በሬዎቹን ፈትቶ ከማሳው ሲመለስ «እርሻው እምቢ አለኝ» ብሎ አያቆምም፤ ማረሻው እንደ ዶለዶመ፣ ሞፈሩ እንደ ተሰነጠቀ፣ ወይም ድግሩ እንደ ላላ ለይቶ ይናገራል። ሸማኔውም «ድሩ ተበጠሰ» ሲልና «ማጉ አለቀ» ሲል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን መናገሩ ነው። ሰሚው ቃሉን እንደ ሰማ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ያውቃል።

ወደ ዘመናችን የመገናኛ መሣሪያዎች ስንመጣ ግን ይህ የቋንቋችን ጸጋ የተለየን ይመስላል። ኮምፒዩተሩ ገጽ አልከፍት ቢል፣ መሣሪያው የይለፍ ቃሉን አልቀበል ቢል፣ አድራሻ ቢያጣ፣ ሞገዱ ቢደክም፣ ለሁሉም የምንሰጠው ስም አንድ ነው፤ «ኔትወርክ የለም» እንላለን። አራት የተለያዩ በሽታዎችን «አሞኛል» በሚል አንድ ቃል እንደ መናገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብም ከዚሁ ይነሣል። ስለ ገመድ አልባ ግንኙነት የሚወጡት የአማርኛ ቃላት የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል የሚተኩ ከመሆናቸው ይልቅ፣ ግንኙነቱ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች አንድ በአንድ የሚለዩ መሆን ይገባቸዋል እንላለን።

1. ስለ መሣሪያው

ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት በ1991 እ.ኤ.አ. ሊኑስ ቶርቫልድስ በተባለ የፊንላንድ ተማሪ ተጀመረ። የፕሮግራሙ ጽሑፍ ለማንኛውም ሰው ክፍት በመሆኑ ዛሬ ከትልልቅ ኮምፒዩተሮች ጀምሮ እስከ ኪስ ስልክ ድረስ ይገኛል። በቤትና በመሥሪያ ቤት ሞገድ የሚያድሉት ትንንሽ ሣጥኖችም ብዙዎቹ በውስጣቸው ሊኑክስን የያዙ ናቸው። ከአነስተኛዎቹ የሊኑክስ መሣሪያዎች መካከል እጅግ የታወቀው ራስበሪ ፓይ ሲሆን፣ በብሪታንያ ተነድፎ በየካቲት 2012 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ለሽያጭ ቀረበ። ስፋቱ ከባንክ ካርድ ብዙም አይበልጥም። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው ዓይነት የገመድ አልባ ሞገድ መቀበያና ማሰራጫ በውስጡ የተሠራለት የመጀመሪያው ነው፤ ከዚያ በፊት ይህ ክፍል ለብቻው ተገዝቶ ይሰካ ነበር።

የእነዚህ መሣሪያዎች ልዩ ጠባይ ብዙውን ጊዜ ስክሪንም የፊደል ገበታም የሌላቸው መሆኑ ነው። አንድ ሰው ከመሣሪያው ጋር የሚነጋገረው ከሌላ ኮምፒዩተር ላይ ሆኖ፣ በአውታሩ በኩል ትእዛዝ እየጻፈ ነው። ስለዚህ ግንኙነቱ ሲቋረጥ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል፤ የደረሰበትን ችግር የሚናገርበት መንገድም ራሱ የተቋረጠው ግንኙነት ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ መሣሪያ አግኝቶ፣ ኪዊክስ በተባለው ፕሮግራም አማካይነት በይነ መረብ ሳያስፈልግ የሚነበብ የዊኪፔዲያ ቅጂና የትምህርት መጻሕፍት ጫነበት እንበል። መሣሪያው ከትምህርት ቤቱ የሞገድ ሣጥን ጋር ተገናኝቶ ለተማሪዎቹ ያነባል። አንድ ቀን መጻሕፍቱ አልከፈት ይላሉ። ኀላፊው መምህር 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኘው ባለሙያ ስልክ ደውለው «ኔትወርክ የለም» ይሉታል። ባለሙያው ከዚህ ቃል ምንም ሊረዳ አይችልም። ችግሩ በአንድ የቍጥር ስሕተት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሞገድ ሣጥኑ ከሶኬቱ ተነቅሎም ሊሆን ይችላል፤ መሣሪያው ከነጭራሹ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአንድ ደቂቃ ጥገና ለሚፈልግ ነገር የአንድ ቀን መንገድ ይሄዳል፤ ወይም ተማሪዎቹ ያለ መጽሐፍ ይሰነብታሉ። የቃል እጦት ዋጋ የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

2. ስለ ግንኙነቱ ደረጃዎች

መሣሪያው በእኛ ዘንድ በአንድ ሐረግ የሚጠራውን ነገር ከፋፍሎ ያውቀዋል። በሊኑክስ ላይ ግንኙነትን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የተባለው ፕሮግራም መሣሪያው ያለበትን ሁኔታ በቍጥር ይመዘግባል፤ ያልተገናኘ ከሆነ 30፣ በዝግጅት ላይ ከሆነ 40፣ ምስጢራዊ ቃል የሚጠብቅ ከሆነ 60፣ አድራሻ የሚፈልግ ከሆነ 70፣ ሥራው ሙሉ በሙሉ ከተፈጸመ 100፣ ሙከራው ከከሸፈ 120 ይላል። እንግዲህ ቃላቱን ከማውጣታችን በፊት ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል እንመልከት።

የመጀመሪያው ደረጃ የሞገድ ክፍሉ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑ ነው። መሣሪያው ሞገድ እንዳያሰራጭ በሁለት መንገድ ሊከለከል ይችላል። አንደኛው በፕሮግራም ትእዛዝ ሲሆን በትእዛዝ ይነሣል፤ ሁለተኛው በመሣሪያው አካል ላይ ባለ ማብሪያና ማጥፊያ ሲሆን በእጅ ካልሆነ በቀር አይነሣም። ሁለቱንም እገዳ ብለን፣ የመጀመሪያውን የትእዛዝ እገዳ፣ ሁለተኛውን የእጅ እገዳ እንላቸዋለን። በራስበሪ ፓይ ላይ ተጠቃሚው የሚኖርበትን አገር ሳይገልጽ ሲቀር የትእዛዝ እገዳ ያጋጥመዋል። ምክንያቱም እያንዳንዱ አገር ለሞገድ አጠቃቀም የራሱ ሕግ አለው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ በብዙ አገሮች ከ1 እስከ 13 ያሉት መስመሮች ሲፈቀዱ በአሜሪካ እስከ 11 ድረስ ያሉት ብቻ ይሠራባቸዋል። መሣሪያው የት እንዳለ ካላወቀ የማንን ሕግ እንደሚያከብር አያውቅም።

ሁለተኛው ደረጃ በአካባቢው ያሉትን የሞገድ ሣጥኖች መፈለግ ነው። እነዚህ ሣጥኖች በየጊዜው፣ እንደ ልማዱም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ወደ 10 ጊዜ ያህል፣ ስማቸውንና ጠባያቸውን የሚናገር አጭር መልእክት ያሰራጫሉ። መሣሪያው ከመስመር ወደ መስመር እየተዘዋወረ ያዳምጣል፤ ወይም ራሱ «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ ቅኝት የሚለውን ቃል መርጠናል። ቃኘ ማለት በአንድ በኩል የጦር ቃኚ እንደሚያደርገው አካባቢን መሰለል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የክራርን ወይም የበገናን አውታር ድምፅ ማስተካከል ነው። መሣሪያው መስመሮቹን እያዳመጠ የሚፈልግ በመሆኑ ሁለቱም ፍቺዎች ይስማሙታል፤ ኔትወርክንም አውታር ካልነው፣ አውታርን መቃኘት አማርኛችን ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው አነጋገር ነው።

ቅኝቱ የእያንዳንዱን ሣጥን የሞገድ ብርታትም ይናገራል። ልኩ ከአንድ ሚሊዋት ጋር በማነጻጸር በዴሲቤል ስለሚገለጽ ቍጥሩ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ሞገዱ ይበረታል። -50 ብርቱ ሞገድ ነው፤ ይኸውም የአንድ ሚሊዋት አንድ መቶ ሺኛ ማለት ነው። -80 ግን ደካማ ነው። በ-80 የሚሠራ መሣሪያ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» የሚባለው ነው፤ ችግሩ በቦታው እንጂ በፕሮግራሙ ላይ አይደለም።

ሦስተኛው ደረጃ ከተመረጠው ሣጥን ጋር መያያዝና ማንነትን ማስረዳት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. በጸደቀው የደኅንነት ሥርዓት፣ ማለትም በሁለተኛው ደብሊው-ፒ-ኤ፣ በቤትና በአነስተኛ ተቋም አሠራር መሣሪያው በመጀመሪያ ከሣጥኑ ጋር ይያያዛል፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ አራት መልእክት ተለዋውጠው ሁለቱም አንድ ዓይነት የይለፍ ቃል ማወቃቸውን፣ ቃሉን በአየር ላይ ሳያወጡ ይተማመናሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. በተዋወቀው በሦስተኛው ደብሊው-ፒ-ኤ ደግሞ የይለፍ ቃሉ የሚፈተነው ከመያያዙ በፊት ነው። ከዚህ የምንማረው መያያዝና ማንነትን ማረጋገጥ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነው። ስለሆነም የመጀመሪያውን ጉድኝት፣ ሁለተኛውን ማንነት ማረጋገጥ፣ የአራቱን መልእክት ልውውጥ ደግሞ የቍልፍ ስምምነት ብለናቸዋል። «ተጎዳኝቷል፣ ነገር ግን የቍልፍ ስምምነቱ ከሽፏል» የሚል ሰው የይለፍ ቃሉ በስሕተት መጻፉን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረዳ ማለት ነው።

አራተኛው ደረጃ አድራሻ ማግኘት ነው። መሣሪያው ከሣጥኑ ጋር ቢጎዳኝም የአውታሩ አድራሻ ከሌለው ማንም ሊልክለት አይችልም። በዚህ ጊዜ «አድራሻ የሚሰጥ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አድራሻ ሰጪውም አንድ አድራሻ ያቀርባል፤ መሣሪያው ያንን እንዲሰጠው ይለምናል፤ ሰጪውም ይፈቅዳል። አድራሻው ግን ለዘለዓለም አይሰጥም፤ የጊዜ ገደብ አለው። እንደ ልማዱ የጊዜው ግማሽ ሲደርስ መሣሪያው እንዲታደስለት ይጠይቃል። የ24 ሰዓት ገደብ ያለው ከሆነ በ12ኛው ሰዓት ያሳድሳል ማለት ነው። ማንም ሳይመልስ ሲቀር አንዳንድ መሣሪያዎች በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሳቸው ይሰጣሉ። ይህን ቍጥር ያየ ሰው ሞገዱም የይለፍ ቃሉም ደኅና መሆናቸውን፣ የጠፋው አድራሻ ሰጪው መሆኑን ሊያውቅ ይችላል።

አምስተኛው ደረጃ ከቅርቡ አውታር ወደ ውጭ የሚያሳልፈው በር ነው፤ ስድስተኛውም ሰዎች የሚጽፉትን ስም ወደ ቍጥራዊ አድራሻ የሚለውጠው አገልግሎት ነው። የመጨረሻው ሲጎድል የሚታየው ምልክት ያሳስታል፤ በቍጥር ሲጠሩት የሚመልስ ኮምፒዩተር በስም ሲጠሩት አይገኝም። ለብዙ ሰው ይህም «ኔትወርክ የለም» ነው፤ ነገር ግን ከእገዳ እስከ በር ያለው ነገር ሁሉ በደኅና እየሠራ ነው።

በምሳሌያችን የጠቀስናቸው መምህር እነዚህን ደረጃዎች የሚለይ ቃል ቢኖራቸው ኖሮ «ቅኝቱ ሣጥናችንን ያሳያል፤ ጉድኝቱም አለ፤ አድራሻው ግን በ169.254 ይጀምራል» ለማለት ይችሉ ነበር። ባለሙያውም ከመቀመጫው ሳይነሣ የሞገድ ሣጥኑን የአድራሻ ሰጪነት ክፍል እንዲያዩ ይነግራቸው ነበር።

3. ሥራውን ስለሚያካሂዱት ፕሮግራሞች

በሊኑክስ ላይ እነዚህን ደረጃዎች የሚያካሂደው አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ከታች የሥርዓቱ አስኳል የሞገድ ክፍሉን በነጂው አማካይነት ያዝዛል። ማንነት የማረጋገጡን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲያከናውን የቆየው ደብሊው-ፒ-ኤ ሰፕሊካንት የተባለው ፕሮግራም ነው። ኢንቴል ያዘጋጀውና የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ-ደብሊው-ዲ ደግሞ ይኸንኑ ሥራ በአነስተኛ አቅም ለመሥራት የታሰበ ነው። ከእነዚህ በላይ ሆነው ጠቅላላውን የሚያስተዳድሩ እንደ ኔትወርክ ማኔጀርና ኮንማን ያሉ ፕሮግራሞች አሉ። በራስበሪ ፓይ ላይ እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ማንነት የማረጋገጡና አድራሻ የመጠየቁ ሥራ በሁለት ልዩ ልዩ ፕሮግራሞች ተከፍሎ ነበር፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር በወጣው እትም ግን አስተዳደሩ ለኔትወርክ ማኔጀር ተሰጠ። በዚህ ምክንያት ከዚያ በፊት የተጻፉ መመሪያዎች በአዲሱ እትም ላይ ብዙ ጊዜ አይሠሩም። መመሪያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መመሪያው የየትኛው ዘመን እንደሆነ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት።

እነዚህ ፕሮግራሞች መሣሪያው ከበራበት ጊዜ ጀምሮ ማንም ሳያያቸው የሚሠሩ ናቸው። በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን በቀጥታ ቢመለስ ወደ «ጋኔን» ያደርሰናል። ይህ ትርጕም ለሰሚው ፍርሃትና ሣቅ እንጂ ዕውቀት አይሰጠውም። እኛ ተረኛ የሚለውን እንመርጣለን። ተረኛ ሐኪም፣ ተረኛ ዘበኛ እንደምንል፣ ሌላው በተኛበት ሰዓት ነቅቶ ጥሪ የሚጠብቀውን ስለሚያመለክት ለተፈላጊው ሐሳብ የተስማማ ነው።

ሰፕሊካንት የሚለው ስምም ለስያሜ ሥራ ትምህርት ይሰጣል። ትርጕሙ ለማኝ፣ አቤት ባይ ማለት ነው፤ መሣሪያው ለመግባት ፈቃድ ስለሚለምን ነው። በአማርኛ ደጅ ጠኚ የሚለው ቃል ሥዕሉን በሚያስደንቅ ሁኔታ ያሳያል። ሆኖም ደጅ ጥናት የረጅም ጊዜ መጉላላትንና የሰው ፊት ማየትን የሚያስታውስ በመሆኑ፣ በሰከንድ ክፍልፋይ ለሚፈጸም ሥራ አይስማማም። አመልካች የሚለው በፍርድ ቤትና በመሥሪያ ቤት የታወቀ፣ ለፈቃድ ጠያቂ የተለመደ ስም ስለሆነ እርሱን መርጠናል፤ ፈቃጁም አረጋጋጭ ይባላል።

4. ስለ ስያሜ መርሖዎቻችን

ከላይ የቀረቡትን ቃላት ስንመርጥ አራት መርሖዎችን ተከትለናል።

አንደኛ፣ የተጸውዖ ስም አይተረጐምም። ሊኑክስ፣ ራስበሪ ፓይ፣ ኔትወርክ ማኔጀር የሚሉት እንዳሉ በፊደላችን ይጻፋሉ። ዋይፋይ የሚለውም ከዚሁ ይቈጠራል። በ1999 እ.ኤ.አ. ለንግድ መጠሪያ ተብሎ የወጣ ስም እንጂ የሐረግ አሕጽሮት ስላልሆነ የሚተረጐም ፍሬ ነገር የለውም። ገመድ አልባ የሚለው ግን የጠቅላላው አሠራር ስም ስለሆነ ከዋይፋይ ጋር መምታታት የለበትም፤ ብሉቱዝም የኪስ ስልክም ገመድ አልባ ናቸውና።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ የለመደው ቃል በሥርወ ቃሉ ምክንያት አይነቀፍም። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን ስልክ የሚለው ቃል ነው። ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ሽቦ ማለት ነው። ስለዚህ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንል፣ በሥርወ ቃሉ ከሄድን፣ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው። ነገር ግን ማንም አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደናገርም። ቃል የሚመዘነው ዛሬ በሚያስረዳው እንጂ ትናንት በነበረው አይደለም። ራውተር፣ ባይት፣ ኮድ የሚሉትንም ለመንቀል አንደክምም።

ሦስተኛ፣ ቃል ሲወጣ የባዕዱን ቃል ሳይሆን የነገሩን ጠባይ መከተል ይገባል። የገመድ አልባው ደንብ በ1997 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያ ሲወጣ፣ ከሞገድ ሣጥኑ ጋር የሚገናኘውን ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ጭምር በእንግሊዝኛ «ጣቢያ» ብሎ ሰይሞታል። በአማርኛ ግን ጣቢያ የምንለው ሰው የሚሄድበትን ቋሚ ስፍራ ነው፤ ባቡር ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንላለን። ስለዚህ ኪስ ውስጥ ያለውን ስልክ ጣቢያ ብንል ሰሚውን እናሳስታለን። በእኛ አሠራር ጣቢያ የሚባለው ሌሎቹ የሚመጡበት የሞገድ ሣጥን ነው፤ እርሱን አገናኝ ጣቢያ፣ ወደ እርሱ የሚመጣውን ደንበኛ መሣሪያ ብለናል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤት ውስጥ ያለው አንድ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ሦስት ሥራዎችን በአንድነት ይሠራል፤ አገናኝ ጣቢያም፣ አድራሻ ሰጪም፣ የመውጫ በርም ነው። ሦስቱንም በአንድነት «ራውተሩ» ማለት በንግግር ቢፈቀድም በመመሪያ ጽሑፍ ግን የትኛው ሥራው እንደ ተጓደለ መለየት ይገባል።

አራተኛ፣ አማርኛ የራሱ ጥሩ ልዩነት ካለው እርሱን መጠቀም ነው። አድራሻ በጊዜ ገደብ ሲሰጥ በእንግሊዝኛ የሚባለው በቀጥታ ቢመለስ ኪራይ ይሆናል፤ ነገር ግን ኪራይ ገንዘብ ይጠይቃል። ብድር ብንለው፣ ተበዳሪ የሚመልሰው ያንኑ ዕቃ ሳይሆን ተመጣጣኙን ነው። ውሰት ግን ያንኑ ዕቃ ያለ ክፍያ ተጠቅሞ ራሱን መመለስ ነው። አድራሻውም ያለ ክፍያ ተወስዶ ያው ቍጥር ወደ ሰጪው ይመለሳልና የአድራሻ ውሰት የሚለው ከእንግሊዝኛው ይልቅ ነገሩን ያስረዳል። ሰጪውን ግን አዋሽ ከማለት የተቈጠብነው ከወንዙ ስም ጋር እንዳይምታታ ብለን ነው፤ አድራሻ ሰጪ ብንለው ይበቃል።

5. ስለ አውታር ስምና ስለ ፊደላችን

የቃሉ ጉዳይ ከፊደሉ ጉዳይ አይለይም። እያንዳንዱ አገናኝ ጣቢያ የሚታወቅበት ስም አለው፤ ይህም ስም ከ32 ባይት ሊበልጥ አይችልም። የላቲን ፊደል በተለመደው አጻጻፍ አንድ ባይት ብቻ ሲይዝ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው ፊደላችን ግን ለእያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይፈልጋል። በመሆኑም የአውታር ስም በአማርኛ ሲሰየም ከ10 ሆሄያት ሊያልፍ አይችልም። «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ስም 7 ሆሄያትና አንድ ክፍት ቦታ ስላለው 22 ባይት ሆኖ ይገባል፤ «የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ግን 48 ባይት ስለሚሆን አይገባም። ይህን የማያውቅ ሰው ስሙ ተቀባይነት ሲያጣ ጥፋቱ የፊደሉ ይመስለዋል፤ እውነቱ ግን ስሙን ማሳጠር ብቻ ነው።

የይለፍ ቃሉ ደንብ ግን ይለያል። በሁለተኛው ደብሊው-ፒ-ኤ የሚጻፈው ቃል ከ8 እስከ 63 ምልክቶች የሚይዝ ሲሆን፣ ምልክቶቹም በእንግሊዝኛ የፊደል ገበታ ላይ የሚገኙት ብቻ ናቸው። ስለዚህ የአውታሩን ስም በአማርኛ፣ የይለፍ ቃሉን በላቲን ፊደል ማድረግ ይገባል። መመሪያ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ልዩነት ለተጠቃሚው በግልጽ እንዲያስታውሱ አደራ እንላለን።

6. የቀረቡት ቃላት

አመልካች፦ ወደ አውታሩ ለመግባት ማንነቱን የሚያስረዳ ፕሮግራም ወይም መሣሪያ፤ ተቃራኒው አረጋጋጭ ነው።

አስኳል፦ የሊኑክስ ሥርዓት ውስጠኛ ክፍል፤ የመሣሪያውን አካላት ሁሉ የሚያዝዝ።

አውታር፦ እርስ በርሳቸው የተገናኙ መሣሪያዎች ጠቅላላ ስም። ዓለም አቀፉ አውታር በይነ መረብ ይባላል።

አገናኝ ጣቢያ፦ ደንበኛ መሣሪያዎች በሞገድ የሚገናኙት ቋሚ ሣጥን።

አድራሻ ሰጪ፦ ለደንበኛ መሣሪያዎች የአውታር አድራሻ የሚያድል አገልግሎት።

እገዳ፦ የሞገድ ክፍሉ እንዳይሠራ መከልከሉ፤ የትእዛዝ እገዳና የእጅ እገዳ ተብሎ ይከፈላል።

ቅኝት፦ በአካባቢው ያሉትን አገናኝ ጣቢያዎች በየመስመሩ እያዳመጡ መፈለግ።

ነጋሪ ምልክት፦ አገናኝ ጣቢያው ስሙንና ጠባዩን ለማሳወቅ በየጊዜው የሚያሰራጨው አጭር መልእክት።

ጉድኝት፦ የደንበኛ መሣሪያና የአገናኝ ጣቢያ መያያዝ። ተጎዳኘ፣ ይጎዳኛል፣ አልተጎዳኘም እየተባለ ይረባል።

የቍልፍ ስምምነት፦ ሁለቱ ወገኖች የይለፍ ቃሉን ሳይናገሩ መተዋወቃቸውንና የመመስጠሪያ ቍልፍ ማዘጋጀታቸውን የሚያረጋግጡበት የአራት መልእክት ልውውጥ።

የአድራሻ ውሰት፦ አድራሻ በጊዜ ገደብ መያዝ፤ ውሰቱ ይታደሳል ወይም ይመለሳል።

የመውጫ በር፦ ከቅርቡ አውታር ወደ ሌሎች አውታሮች የሚያሳልፍ መሣሪያ።

የስም ፍቺ፦ የኮምፒዩተርን ስም ወደ ቍጥራዊ አድራሻ መለወጥ።

ዝውውር፦ ደንበኛው መሣሪያ አንድ ስም ካላቸው ከብዙ አገናኝ ጣቢያዎች መካከል ከአንዱ ወደ ሌላው መተላለፉ።

ተረኛ፦ ከመሣሪያው መብራት ጀምሮ ሳይታይ የሚሠራና ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም።

ከእነዚህ ቃላት መካከል አንዳንዶቹ ሰሚ ያገኛሉ፣ አንዳንዶቹም ይቀራሉ፤ ይህን የሚወስነው አካዳሚ ሳይሆን ቃሉን በሥራ ላይ የሚያውለው ሰው ነው። እኛ በብርቱ የምንይዘው ቃላቱን ሳይሆን ልዩነቱን ነው። ጉድኝት በሚለው ፋንታ ሌላ የተሻለ ቃል ቢገኝ በደስታ እንቀበላለን፤ ጉድኝትንና የአድራሻ ውሰትን ደባልቆ በአንድ ስም የሚጠራ ሐሳብ ቢቀርብ ግን አንቀበልም። ስለዚህ አንባብያን፣ በተለይም መሣሪያዎቹን በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምትጠግኑ ባለሙያዎች፣ በሥራ ላይ የምትናገሯቸውን ቃላት ከነአገባባቸው እንድትጽፉልን እንጠይቃለን። በጥገና ቦታ በተፈጥሮ የተወለደ ቃል፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ከተወለደው ይልቅ ዕድሜው ይረዝማልና።